አማርኛ የሚናገር የኮምፒውተር ረዳት ካራክተር፦ አፉን ከድምፁ ጋር የማስማማት አሠራር

«ካራክተሩን ሣልነው፤ ድምፅም ቀረጽንለት። ሲናገር ግን አፉ ዝም ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል እንጂ አማርኛ የሚናገር አይመስልም። ምን እናድርግ?» ፕሮግራም ውስጥ ተጠቃሚን የሚመራ የሚናገር ካራክተር ከሚሠሩ ሰዎች ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀውን የአፍ ሰንጠረዥ (የትኛው ድምፅ በየትኛው የአፍ ስዕል እንደሚታይ የሚነግረውን ዝርዝር) ተዉትና ከራሱ ከፊደላችን ተነሡ። የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ነው የሚጻፈው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶችም ሰባት የአፍ ቅርጾች ናቸው። የሚነገረው ጽሑፍ በእጃችሁ ካለ አፉ ምን ምን እንደሚያደርግ አብዛኛው ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ መመሪያ በብራውዘር ውስጥ ለሚሠራ፣ በጠፍጣፋ ስዕል ለተሠራ ካራክተር ነው። ምሳሌያችን ቅጽ የሚያስሞላ ረዳት ይሆናል። አሠራሩ ለስልክ መተግበሪያም ሆነ ለልጆች የፊደል ማስተማሪያ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

– ለስዕል ክሪታ ወይም ኢንክስኬፕ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።
– ለድምፅ ቀረጻና ለምልክት ኦዳሲቲ፤ እሱም ነጻ ነው።
– ማይክ። ለሙከራ የስልክ ኢርፎን ማይክ ይበቃል፤ ለመጨረሻው ቀረጻ የዩኤስቢ ማይክ ተጠቀሙ።
– ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተርና አንድ ብራውዘር።
– ባለ ገመድ ኢርፎን ወይም የኮምፒውተሩ የራሱ ስፒከር። የብሉቱዝ ኢርፎን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ምክንያቱ ከታች አለ።
– የእጅ መስታወት። የራሳችሁን አፍ እያያችሁ የምትሥሉበት ነውና አትዝለሉት።

1. የሚነገረውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ ጨርሱ

ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ የዓረፍተ ነገሩ ተራ ቁጥር፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ፣ በአፍ የሚባለው ጽሑፍ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ የተለያዩበት ምክንያት አለ። በስክሪኑ ላይ «50 ብር» ወይም «ዶ/ር» ተብሎ ይጻፋል፤ አፍ ግን «ሃምሳ ብር»፣ «ዶክተር» ነው የሚለው። ፊደልን ወደ አፍ ቅርጽ የሚለውጠው ኮድ አኃዝና አሕጽሮተ ቃል ማንበብ አይችልም። «50»ን ሲያገኝ አፉ ተዘግቶ ይቀራል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል።

በአንድ ጊዜ የሚነገረው ከ12 ቃል አይብለጥ፤ የሚያዘውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን። ሰው የሰማውን ለመፈጸም እጁን ወደ ኪቦርዱ ሲሰድ ካራክተሩ አሁንም እያወራ ከሆነ ሁለቱንም ያጣቸዋል።

አጠራሩ «እርስዎ» ይሁን። «ስልክ ቁጥርህን አስገባ» ሴቷን ያስቀራል፣ «አስገቢ» ደግሞ ወንዱን፤ «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» ግን ለሁሉም ይሆናል፣ አክብሮትም አለው። ፕሮግራሙ የልጆች ከሆነ «ልጆች፣ አሁን ይህን ንኩ» እያላችሁ በብዙ ቁጥር ጥሯቸው። ይህን ከቀረጻ በፊት ወስኑ፤ አንዲት የግሥ መድረሻ ለመቀየር ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ እንደገና መቅረጽ ይመጣል።

2. ድምፁን ቅረጹ

ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት ክፍል ምረጡ። ባዶ ግድግዳ ያስተጋባል፤ ማስተጋባት ደግሞ ቃል የሚያልቅበትን ቦታ ስለሚያደበዝዝ በኋላ ምልክት ማድረግ ያስቸግራል። ማይኩን ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አርቁ፤ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ጰ፣ ጸ፣ ጨ፣ ጠ፣ ቀ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸውና ትንፋሹ በቀጥታ ማይኩን ከመታው ቀረጻው ይሰነጠቃል።

ኦዳሲቲን ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል)፣ 44100 ኸርዝ ላይ አድርጉ። የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ከመናገር በፊት አንድ ሰከንድ ዝምታ አስቀሩ፤ የክፍሉን ጫጫታ ለመቀነስ ኦዳሲቲ ናሙና የሚወስደው ከዚያ ነው። ተናጋሪው ቃላቱን ግልጽ አድርጎ በተለመደ ፍጥነት ይናገር። ቃል ከቃል እየለየ የሚጎትት ከሆነ አፉን ማስማማት ይቀላል፤ ለሚሰማው ግን የፊደል ቆጠራ ትምህርት ይመስላል።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በተለየ ፋይል አውጡ። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ያለው ኤምፒ3 ለንግግር ይበቃል፤ ይህም ለአንድ ሰከንድ 8 ኪሎባይት ነው። ስድስት ስድስት ሰከንድ የሚወስዱ 30 ዓረፍተ ነገሮች አንድ ሜጋባይት ተኩል ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። ተጠቃሚው የሞባይል ዳታ እየከፈለ ነው የሚያወርደው፤ ስለዚህ ይህን ስሌት ችላ አትበሉ።

ጥንቃቄ፦ ኤምፒ3 ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ባዶ ዝምታ ይጨምራል። ስለዚህ የሰዓት ምልክት የምታደርጉት በመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ሳይሆን ተጠቃሚው በሚሰማው የመጨረሻ ፋይል ላይ ነው። ፋይሉን ካወጣችሁ በኋላ መልሳችሁ ወደ ኦዳሲቲ አስገቡት።

ተናጋሪ እስክታገኙ ድረስ መሞከሪያ ድምፅ ከፈለጋችሁ «ኢስፒክ ኤንጂ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ለሙከራ ብቻ ያዙት።

3. ካራክተሩን በየክፍሉ ለያይታችሁ ሣሉ

ሸራው 512 በ512 ፒክስል ይሁን፤ በስክሪን ላይ በግማሹ፣ በ256 ታሳዩታላችሁ። በእጥፍ የምትሥሉት የዛሬ ስልኮች ስክሪን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነና በልኩ የተሣለ ስዕል ስለሚደበዝዝባቸው ነው።

አካል፣ አፍ የሌለው ፊት፣ የተከፈተ ዓይን፣ ግማሽ የተከደነ ዓይን፣ የተከደነ ዓይን፣ ቅንድብ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የስዕል ንጣፍ) ይቀመጡ። ፊቱ ላይ አፍ አትሣሉ። ከሣላችሁ የሚንቀሳቀሰው አፍ በላዩ ሲያርፍ የታችኛው ጫፍ እያፈተለከ ይታያል።

ለመጀመሪያ ሥራ ከንፈር ያለው ካራክተር ምረጡ። ወፍ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ምንቃር «ኡ» እና «ኦ» ለማለት አይሞጠሙጥም፣ «ኢ» ለማለትም ወደ ጎን አይለጠጥም። ከሰባቱ ቤቶች አራቱ በአንድ ቅርጽ ይጠቃለሉባችኋል።

4. አሥሩን አፎች ሣሉ

ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ አፍ 128 በ96 ፒክስል የሆነ ሳጥን አዘጋጁ። ሥዕሎቹን ከ0 እስከ 9 ቁጥር ስጧቸው፤ ቁጥሩ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፣ በደረጃ 6 ላይ ኮዱ በቀጥታ ይጠቀምበታል። ዕረፍት ላይ ያለውን አፍ 64 ፒክስል ስፋት ካደረጋችሁት፣ ሌሎቹን በዚህ መጠን ጀምሩ፦

0 – ግዕዝ፣ እንደ ለ፣ ሰ፣ ደ። ስፋት 58፣ ክፍተት 22። ከንፈር ዘና ያለ፣ የላይኛው ጥርስ ጫፍ ብቻ ይታያል።
1 – ካዕብ፣ እንደ ሉ፣ ሱ፣ ዱ። ስፋት 34፣ ክፍተት 10። ከንፈር ሞጥሟጣ፤ ጥርስ አይታይም።
2 – ሣልስ፣ እንደ ሊ፣ ሲ፣ ዲ። ስፋት 74፣ ክፍተት 8። ከንፈር ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ጥርስ የተቀራረበ።
3 – ራብዕ፣ እንደ ላ፣ ሳ፣ ዳ። ስፋት 62፣ ክፍተት 46። ትልቁ አፍ ይህ ነው፤ ምላስ ከታች ተኝቶ ይታያል።
4 – ኃምስ፣ እንደ ሌ፣ ሴ፣ ዴ። ስፋት 68፣ ክፍተት 20። ምላስ ከመካከል ከፍ ብሎ ይታያል።
5 – ሳድስ፣ እንደ ል፣ ስ፣ ድ። ስፋት 58፣ ክፍተት 8። አፉ ገርበብ ያለ፣ ምንም ጥረት የሌለበት።
6 – ሳብዕ፣ እንደ ሎ፣ ሶ፣ ዶ። ስፋት 44፣ ክፍተት 26። ክብ።
7 – ጥብቅ ዝግ፣ ለመ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ። ሁለቱ ከንፈሮች ተጫጭነው መስመሩ ይቀጥናል።
8 – የላይኛው ጥርስ በታችኛው ከንፈር ላይ፣ ለፈ እና ለቨ።
9 – ዕረፍት። ዝግ ነው፤ ግን ከንፈሩ አልተጫነም፣ ዳሩ ትንሽ ፈገግ ብሏል።

7 እና 9 ሁለቱም ዝግ ስለሆኑ ብዙዎች በአንድ ስዕል ያልፏቸዋል። አታድርጉት። ካራክተሩ «መ» ባለ ቁጥር ፈገግ ካለ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ የማሾፍ መልክ ይይዛል። መስታወቱን አንሡና «ማማ» በሉ፤ ከንፈራችሁ እንዴት እንደሚጫን ታያላችሁ።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ ሕግ ይኸው፦ የላይኛው ከንፈር በአሥሩም ስዕል ላይ አንድ ከፍታ ላይ ይሁን፤ ለምሳሌ ከሳጥኑ አናት 30 ፒክስል ዝቅ ብሎ። የሰው የላይኛው መንጋጋ አይንቀሳቀስም፤ የሚወርደው የታችኛው ነው። አፉን ከመካከሉ ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ብትከፍቱት ሲናገር አፍንጫውን የሚመታ ይመስላል። ጊዜ ካላችሁ ለስዕል 3 አገጩን ከ6 እስከ 8 ፒክስል ዝቅ አድርጉት፤ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ፊቱ ሕይወት ያገኛል።

አሥሩንም በአንድ ረድፍ ደርድራችሁ 1280 በ96 የሆነ አንድ ፒኤንጂ ፋይል አውጡ። አንድ ፋይል መሆኑ ሁሉም አፎች አንድ ላይ እንዲወርዱ ያደርጋል፤ አለበለዚያ በደካማ ኔትወርክ ላይ «አ» ደርሶ «ኦ» ሳይደርስ ንግግሩ ይጀምራል።

ጥንቃቄ፦ የስዕልና የድምፅ ፋይሎችን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ሰይሙ፣ ክፍት ቦታም አትተዉ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይከፈትና ሰርቨር ላይ ሲወጣ ሊጠፋ ይችላል።

5. ቃላቱን በድምፁ ላይ ምልክት አድርጉ

ኦዳሲቲ ውስጥ የመጀመሪያውን ቃል ከመነሻው እስከ መድረሻው በማውስ ምረጡ፤ የኮንትሮልና የ B ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ቃሉን በአማርኛ ጻፉ። እስከ መጨረሻው ቃል እንዲሁ ቀጥሉ። ሲያልቅ ከፋይል ሜኑ የኤክስፖርት ዝርዝር ውስጥ «ኤክስፖርት ሌብልስ» በሉት። የሚወጣው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ መነሻ ሰከንድ፣ መድረሻ ሰከንድና ቃሉ በታብ ተለይተው ይቀመጣሉ። ኮዳችሁ የሚያነበው ይህን ነው።

በየፊደሉ ምልክት ማድረግ አያስፈልግም፤ የቃሉ ዳርና ዳር ከተያዘ ውስጡን ኮዱ ያከፋፍለዋል። እግረ መንገዳችሁን ግን አንድ ነገር ጨምሩ፦ ጠብቆ ከሚነበብ ፊደል ቀጥሎ የመደመር ምልክት አድርጉ። ጽሑፋችን ጥብቀትን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፣ ጠብቆ በዓሉን፤ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ተጽፈዋል። «ሰበረ» ውስጥ ያለው በ ጠብቆ ስለሚነበብ ከንፈር እዚያ ላይ ተዘግቶ ይቆያል። «ሰበ+ረ» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ኮዱ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ይህን በጆሮ ነው የምትለዩት።

ቀረጻው ረጅም ሆኖ በእጅ ምልክት ማድረግ ካልተቻለ «ሩባርብ ሊፕ ሲንክ» የተባለ ነጻ ፕሮግራም ከድምፅ ፋይሉ በቀጥታ የአፍ ቅርጽና ሰዓት ያወጣል። በነባሪነት የሚጠቀመው የእንግሊዝኛን ንግግር መለያ ስለሆነ ለአማርኛ «ፎኔቲክ» የሚለውን ምረጡ። ውጤቱ ግምታዊ ነው። ለአጫጭር የረዳት ዓረፍተ ነገሮች ከታች ያለው የፊደል ዘዴ ይበልጣል።

6. ፊደሉን ወደ አፍ ቁጥር ለውጡ

በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት ውስጥ የአማርኛ ፊደላት ስምንት ስምንት እየሆኑ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ የሚጀምሩትም ከ4608 ነው፣ እሱም ሀ ነው። 4608 ለ8 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለ8 ስታካፍሉ ቀሪው ቤቱን ይነግራችኋል። ሶ 4662 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 6 ይቀራል፤ ሳብዕ ነው፤ አፍ 6። ና 4755 ነው፤ 3 ይቀራል፤ ራብዕ ነው፤ አፍ 3። የብራውዘር ኮድ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ውስጥ የፊደሉን ቁጥር የሚሰጠው «ቻር ኮድ አት» (charCodeAt) የተባለው ትእዛዝ ነው።

ቀሪውን ከቁጥሩ ላይ ቀንሱ፤ የረድፉን መነሻ ታገኛላችሁ። በመነሻው ተነባቢውን ትለያላችሁ፦

– መ 4632፣ በ 4704፣ ጰ 4912፣ ፐ 4944 ከሆነ መጀመሪያ አፍ 7፣ ቀጥሎ የቤቱ አፍ።
– ፈ 4936፣ ቨ 4712 ከሆነ መጀመሪያ አፍ 8፣ ቀጥሎ የቤቱ አፍ።
– ወ 4808 ከሆነ መጀመሪያ አፍ 1፣ ቀጥሎ የቤቱ አፍ።
– ቈ 4680፣ ኈ 4744፣ ኰ 4784፣ ጐ 4880 ከሆነ መጀመሪያ አፍ 1፣ ቀጥሎ የቤቱ አፍ። ቋ፣ ኋ፣ ኳ፣ ጓ እዚህ ይገባሉ።
– ቀሪው 7 ከሆነ፣ እንደ ሷ፣ ሏ፣ ቧ፣ አፍ 1 ቀጥሎ አፍ 3። ቧ እና ሟ ከዚያ በፊት አፍ 7፣ ፏ ደግሞ አፍ 8 ይቀድማቸዋል።
– ሌላው ሁሉ የቤቱ አፍ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያሉት ከደንቡ የሚወጡ ናቸው፤ ከዘለላችኋቸው ካራክተሩ አማርኛ የሚናገር የውጭ አገር ሰው ይሆንባችኋል።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ በግዕዝ ቤት ቢጻፉም በአማርኛ የሚነበቡት እንደ ራብዕ ነው፤ ስለዚህ 0 ሳይሆን 3 ስጧቸው። ኧ በተቃራኒው ቀሪው 7 ነው፤ ድምፁ ግን የግዕዝ ስለሆነ 0 ይሁን። ይ ሳድስ ቢሆንም አፉ የ«ኢ» ነውና 2 ስጡት፤ ው ደግሞ 1። «ነው» ሲባል ከንፈር መጨረሻ ላይ ይሞጠሙጣል፤ አፍ 5 ብትሰጡት ቃሉ ይቆረጣል። ም እና ብ ሳድስ ሲሆኑ አፍ 7 ብቻ ይበቃቸዋል። ን ከበ በፊት ሲመጣ በአነጋገር ወደ ም ይሄዳል፤ «ወንበር» ስንል ከንፈራችን የሚዘጋው በን ላይ ነው። ስለዚህ ን ቀጥሎ በ፣ ፐ ወይም ጰ ካገኘ አፉ 7 ይሁን።

አሁን የጊዜው ክፍፍል። ለሳድስ 1፣ ለሌሎቹ ቤቶች 2፣ እንደ ኳ እና ሷ ላሉት 3 ነጥብ ስጡ። የመደመር ምልክት ካለ 1 ጨምሩ። የቃሉን ርዝመት በነጥቦቹ ድምር አካፍሉና ለእያንዳንዱ ፊደል ድርሻውን ስጡ። ሳድስ ትንሽ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አናባቢው ስለሚዋጥ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ»ን እንሥራው። ቀረጻው 1.50 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። «እንኳን» ከ0.00 እስከ 0.60 ነው፤ ነጥቦቹ እ 1፣ ን 1፣ ኳ 3፣ ን 1፣ ድምሩ 6፤ አንዱ ነጥብ 0.10 ሰከንድ። አፉ 5 ላይ ይጀምራል፣ ለን እዚያው 5 ይቆያል፣ በ0.20 ወደ 1 ይሞጠሙጣል፣ በ0.30 ወደ 3 ይከፈታል፣ በ0.50 ወደ 5 ይመለሳል። «ደህና» ከ0.60 እስከ 1.05 ነው፤ ደ 2፣ ህ 1፣ ና 2፤ አንዱ ነጥብ 0.09። አፉ 0፣ በ0.78 ወደ 5፣ በ0.87 ወደ 3። «መጡ» ጠ ጠብቆ ስለሚነበብ «መጡ+» ተብሎ ይጻፋል፤ መ 2፣ ጡ 3፤ እዚህም አንዱ ነጥብ 0.09። በ1.05 አፉ ጥብቅ ይዘጋል፣ 7፤ በ1.13 ወደ 0፤ በ1.23 ወደ 1፣ እስከ 1.50። ከዚያ 9።

መ ላይ የዝግ አፉ ድርሻ ለምን 0.08 ሆነ? በሴኮንድ 12 ፍሬም (12 ስዕል) የሚሄድ አኒሜሽን አንድ ፍሬም የሚወስደው ያንን ያህል ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ካጠረ ዓይን በቀላሉ አይይዘውም። ይህን እንደ ጠቅላላ ደንብ ያዙት፦ ከ0.08 ሰከንድ ያጠረ ማንኛውም አፍ ይሰረዝና ጊዜው ለቀጣዩ ይሰጥ፤ 7 እና 8 ግን በፍጹም አይሰረዙም፤ ቦታ ከጠበበ ከጎረቤታቸው ይውሰዱ። ተመልካች «ላ» ትንሽ ቢሳሳት አያስተውልም፤ «ማ» ሲባል ከንፈር ካልተዘጋ ግን ወዲያው ያውቃል።

መጨረሻ ላይ ከሁሉም ሰዓት 0.05 ሰከንድ ቀንሱ። አፍ ቅርጹን የሚይዘው ድምፁ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ዓይንም የቀደመ አፍን በቀላሉ ይቀበላል፣ የዘገየን ግን አይቀበልም።

7. አጫውቱ

ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር የድምፅ ፋይሉን «አሁን ስንተኛው ሰከንድ ላይ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ከዚያ ሰከንድ በፊት የመጨረሻ የሆነውን አፍ አሳዩ። የራሳችሁን ሰዓት ቆጣሪ አታስነሡ። ቆጣሪና ድምፅ ለየብቻ ሲሄዱ ኮምፒውተሩ በሌላ ሥራ በተጠመደ ቁጥር ይለያያሉ፣ ተመልሰውም አይገናኙም።

ትክክለኛውን አፍ ለማሳየት የአፎቹን ረድፍ ስዕል በአፉ ቁጥር ልክ ወደ ግራ ግፉት፤ በሙሉ መጠን አንዱ እርምጃ 128 ፒክስል፣ በግማሽ ከሆነ 64 ነው። ድምፁ ሲቆምም ሆነ ሲቋረጥ አፉ ወደ 9 ይመለስ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ተጠቃሚው ንግግሩን ሲያቋርጠው ካራክተሩ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ብራውዘሮች ተጠቃሚው አንድ ነገር እስካልነካ ድረስ ገጹ በራሱ ድምፅ እንዲያሰማ አይፈቅዱም። ስለዚህ ካራክተሩ መጀመሪያ በጽሑፍ ሰላምታ ይስጥ፣ ከጎኑ «ያዳምጡ» የሚል ቁልፍ ይኑር። ቁልፉ ከተነካ በኋላ የቀረው በድምፅ ሊቀጥል ይችላል።

8. ዓይኑን አትርሱ

አፉ ፍጹም ሆኖ ዓይኑ ካልተርገበገበ ካራክተሩ ጭምብል ነው። ከ2 እስከ 6 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ በማይገመት ልዩነት ዓይኑን ይክደን፦ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሩብ ሰከንድ አይሙሉ። በእኩል ልዩነት ከሆነ እንደ መብራት ብልጭታ ይታያል። በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ቅንድቡን 4 ፒክስል ከፍ አድርጉ፤ ተጠቃሚው ንግግር መጀመሩን በዓይኑ ጥግ ያውቃል።

በማይናገርበት ጊዜ ከዚህ ሌላ አያድርግ። እጁን የሚያወዛውዝ፣ የሚዘል ካራክተር ቅጽ የሚሞላውን ሰው ዓይን ይሰርቃል።

9. መቼ እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሄድ ወስኑ

የማይክሮሶፍት ኦፊስ 97 የወረቀት መያዣ ካራክተር ሰው ደብዳቤ መጻፍ በጀመረ ቁጥር ሳይጠሩት ብቅ ይል ነበር፤ የሰለቸውም ብዙ ሰው ነው። የእናንተ ረዳት የሚናገረው በሦስት ጊዜ ብቻ ይሁን፦ ሲጠራ፣ ተጠቃሚው አንዱን ሣጥን ሁለት ጊዜ ሲሳሳት፣ ሥራው ሲያልቅ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቆይታ ሁለት ጊዜ አይድገም።

መዝጊያው ቁልፍ በግልጽ ይታይ፣ በጣት ለመንካት ቢያንስ 44 ፒክስል ስፋት ይኑረው። ተጠቃሚው ከዘጋው ይህ ውሳኔ በብራውዘሩ ማከማቻ ውስጥ ይመዝገብ፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ተመልሶ ከመጣ አልተዘጋም ማለት ነው።

የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍም ይታይ፤ መስማት የማይችል ሰው አለ፣ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ያጠፋ ሰውም አለ። ስክሪን የሚያነብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን ደግሞ ጽሑፉ በራሳቸው ፕሮግራም ይነበብላቸዋል፤ ካራክተሩ በላዩ ከተናገረ ሁለት ድምፅ ይጋጫል። ለእነሱ ድምፁ ሲጠራ ብቻ ይሁን፣ ስዕሉም ከንባቡ ይሰወር። በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ላይ እንቅስቃሴ እንዲቀነስ የመረጠ ሰው ካለ አፍ 9ን ብቻ አሳዩትና ድምፁን አሰሙት።

10. ፈትሹ

መጀመሪያ በግማሽ ፍጥነት አጫውቱ። አፉ የድምፁን ሰዓት በትክክል እየተከተለ ከሆነ በግማሽ ፍጥነትም እኩል ይሄዳል፤ ስሕተቱም ጎልቶ ይታያል። ቀጥሎ ድምፁን አጥፉና ጽሑፉን የሚያውቅ ሌላ ሰው አስቀምጡ፤ «መጡ» የሚለው የት ላይ እንደተባለ በአፉ ብቻ ካወቀ ሥራው ደርሷል። በመጨረሻም ርካሽ በሆነ ስልክ ላይ ሞክሩት፤ በእናንተ ላፕቶፕ ላይ የማይታይ መንቀርፈፍ እዚያ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

አፉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚዘገይ ከሆነ የራሳችሁን ሰዓት ቆጣሪ እየተጠቀማችሁ ነው፤ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል መጠን የሚሳሳት ከሆነ ግን ምልክቱ የተደረገው በሌላ ፋይል ላይ ነው፣ ወይም በብሉቱዝ ኢርፎን እየሰማችሁ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ሊያዘገየው ይችላል። በብሉቱዝ እየሰማችሁ ሰዓቱን ካስተካከላችሁት በገመድ ለሚሰማው ሁሉ ታበላሹታላችሁ።

አፉ ፊቱ ላይ የሚዘል ከሆነ ስዕሎቹ ሲወጡ ተከርክመዋል። ኢንክስኬፕ ውስጥ ስታወጡ ስዕሉን ብቻ የሚይዘውን አማራጭ ከመረጣችሁ ባዶውን ቦታ ቆርጦ ይጥላል፤ «ፔጅ» የሚለውን ምረጡ፣ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

አፉ አጠገብ የሌላ አፍ ጫፍ እንደ ክር የሚታይ ከሆነ ስዕሉ ሲያንስ ጎረቤት ፒክስሎች ተቀላቅለዋል። በየሳጥኑ ዳርና ዳር 4 ፒክስል ባዶ ተዉ።

አፉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የ0.08ን ደንብ አልተገበራችሁም፤ ወይም ሁለት ተከታታይ ፊደላት አንድ ዓይነት አፍ ኖሯቸው ኮዱ በመካከላቸው ወደ 9 እየመለሰው ነው። ወደ ዕረፍት የሚመለሰው ከ0.20 ሰከንድ በላይ ዝምታ ሲኖር ብቻ ነው።

«ሰላም» ብሎ አፉ ተከፍቶ የሚቀር ከሆነ የመጨረሻው ም ጊዜ አጥቷል። የቃሉ መድረሻ ምልክት ድምፁ ሳይከስም ቀድሞ ተደርጓልና ምልክቱን 0.10 ሰከንድ ወደ ቀኝ ግፉት።

በንግግር ሳጥኑ ውስጥ በፊደል ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ የተጠቃሚው መሣሪያ የአማርኛ ፎንት የለውም። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ»ን የመሰለ ነጻ ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር አብራችሁ ላኩ፤ በመሣሪያው ላይ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ።